የአደን ጠመንጃና መነጽሩን ከዝናብ፣ ከጉምና ከውርጭ እንዴት ልጠብቅ?

ጥያቄ፣ ከሱሉልታ

ሰላም ቤተሰብ። ፈቃድ ባለው የአደን ድርጅት ውስጥ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። መጋዘናችን እዚሁ ሱሉልታ ነው፤ አደኑ ግን አርሲ ተራሮች ላይ ነው፣ ለደጋ አጋዘን። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊት ውርጭ፣ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ ነው። አንዳንዴ በረዶም ይጨመርበታል።

እኔ የምይዘው ጠመንጃ ባለ እንጨት ሰደፍ ነው፣ በእጅ የሚቀባበል፣ የማነጣጠሪያ መነጽር ያለው። ማታ ሞቅ ያለ ድንኳን ውስጥ ሳስገባው መነጽሩ ጉም ይለብሳል። ጠዋት ደግሞ ዓይኔን ሳስጠጋው ድፍን ይላል። አፈሙዙ አካባቢ ቀይ ቀይ ነጠብጣብ ማየት ጀምሬያለሁ። የማሳድረው በፌስታል ጠቅልዬ ማኅደሩ ውስጥ ነው። ሌላ ምን ላድርግ?

መልስ፣ ከሰበታ

ልጄ፣ መጀመሪያ ያን ፌስታል ጣለው። ዝናብ ሲመታህ ለጊዜው መሸፈኛ ይሆናል፣ ማሳደሪያ ግን አይሆንም። እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፤ ያየኸው ዝገት ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

የመነጽሩ ነገር ደግሞ ከዝናቡ ይልቅ ከሙቀቱ ነው። ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንደሚያልበው፣ የቀዘቀዘ ብረትም ሙቅ አየር ሲያገኘው ያልበዋል። የሚያልበው ደግሞ ውጪው ብቻ አይደለም፤ በርሜሉ ውስጥም፣ ማቀባበያው ሥርም ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ ጥይቱን አውጣና ጠመንጃውን ብርዱ ውስጥ አሳድረው፤ ከድንኳኑ የውጪ ክዳን ሥር፣ ዝናብ በማያገኘው፣ ጠባቂ በማይለየው ቦታ። የግድ ወደ ሙቀት መግባት ካለበት፣ ደረቅ ከሆነ ማኅደሩን ዘግተህ አስገባውና ሙቀቱ እስኪስተካከል ሳትከፍት ተወው። እርጥብ ከሆነ ግን ማኅደር የሚባል ነገር የለም። አውጥተህ ትወለውለዋለህ።

መልስ፣ ከቡራዩ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ ስለ አፈሙዙ ልጨምር። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ጥቁር ናስትሮ ታውቀዋለህ አይደል? ትንሽ ቆርጠህ የአፈሙዙን ቀዳዳ በስሱ ሸፍነው። ዝናብም ጭቃም አይገባም። ሲተኮስ ጥይቱ ሳይደርስ ከፊቱ የሚገፋው አየር ቴፑን ይበጥሰዋል፤ ዒላማውን አያዛባም። ትርፍ ቴፕ ሰደፉ ላይ ጠቅልለህ ያዝ፣ ከተኩስ በኋላ ትለውጠዋለህ።

አደራ ግን፣ ጨርቅም ሆነ ቡሽ ወደ ውስጥ እንዳትወትፍ! በርሜል የሚፈነዳው እንዲህ ባለ ነገር ነው። ውሃ ወይም ጭቃ ገብቷል ብለህ ከጠረጠርክም ሳትወለውል እንዳይተኮስ።

ለመነጽሩ ሽፋን ውድ ነገር አያስፈልግም። ከጎሚስታ ቤት የተጣለ የመኪና ካላማዳሪ ለምነህ ውሰድ፣ በሰፊው ቁረጥና እንደ ቀለበት ከፊት እስከ ኋላ ወጥረህ አልብሰው። ሁለቱንም መስታወት በአንዴ ይሸፍናል፤ ሲፈለግ በአውራ ጣት ገፋ ማድረግ ነው።

መልስ፣ ከለገጣፎ

እኔ አዳኝ አይደለሁም፣ የካሜራና የመነጽር ጥገና ነው ሥራዬ። አንድ ነገር ለይልን፦ ጉሙ ከውጪ ነው ከውስጥ? በለስላሳ ጨርቅ ስትጠርገው ከጠፋ ከውጪ ነው፤ ስትጠጋ ድፍን የሚለው የራስህ ትንፋሽ ይሆናል። ዓይንህን ስታስጠጋ ትንፋሽህን ወደ ጎን አውጣ።

ከሁለቱም ጫፍ ጠርገህ ካልጠፋ ግን ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ጥሩ መነጽር ውስጡ በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ተሞልቶ በጎማ ቀለበት ይታሸጋል። ማሸጊያው ከለቀቀ እሳት ዳር በማስጠጋት አይድንም፣ ይብስበታል። ዊንጭም አታንሳ። ለአምራቹ የሚላክ ነገር ነው።

ስትጠርግም መጀመሪያ አቧራውን በብሩሽ አራግፍ። በሸሚዝ ጫፍ የሚፈትጉትን ሳይ ጥርሴን ያመኛል።

ጠያቂው

ተመስገን፣ ከውጪ ነው! ስጠርገው ይጠፋል። ጋሼ፣ ዘይቱስ? ካምፕ ላይ የሚገኘው የመኪና ዘይት ብቻ ነው።

መልስ፣ ከሰበታ

የመኪናውን ለመኪናው ተውለት። ብርድ ላይ ዘይት ይወፍራል። ማቀባበያው ውስጥ ከበዛ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ሳይተኩስ ይቀራል። ቀጭን የጠመንጃ ዘይት ይዘህ ሂድ። ጨርቁን ነካ አድርገህ ብረቱን በስሱ አብስ፣ ጣትህን ስታሳልፍበት የማይንጠባጠብ ያህል። በርሜሉን ከኋላ በኩል ወልውለህ ዘይት ቀባው፤ ጠዋት ከመውጣትህ በፊት ግን በደረቅ ጨርቅ አውጣው፣ አለበለዚያ የመጀመሪያዋ ጥይት ቦታ ልትስት ትችላለች።

እንጨቱንም አትርሳ። እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ አብጦ በርሜሉን ከነካ ዒላማ ይሸሻል። በርሜሉ እንጨቱን እንዳይነካ ተደርጎ የተሠራ ከሆነ አንድ የብር ኖት በመሃላቸው አስገብተህ ወደ ኋላ ሳብ። ድሮ ያልፍ የነበረው አሁን ከያዘ ለባለሙያ አዳኙ ንገረው።

መልስ፣ ከሆለታ

ወደ አርሲ በሚወስዳችሁ መንገድ ላይ የመኪናው መንገጫገጭ የመነጽሩን ማሰሪያ ብሎኖች ያላላል። ካምፕ ስትደርሱ ብሎኖቹን ፈትሽና ባለሙያው በሚፈቅደው ቦታ በ100 ሜትር ላይ ይሞከር። የተጣለውን ፌስታል ደግሞ ለፈቃድ ወረቀቶቹ አድርገው። የጦር መሣሪያ አዋጁ 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ ኬላ ላይ በዝናብ የራሰ፣ ማህተሙ የማይነበብ ወረቀት ይዞ ማስረዳት ጣጣ ነው።