ክርክር፦ «ሃሮልድ ኤንድ ሞድ» ለወጣቶች ይታይ ወይስ ይቅር?

አድሚን፦ ቤተሰብ፣ የቅዳሜው ፊልም ላይ ሐሳብ ስጡኝ። ሃል አሽቢ እ.ኤ.አ. በ1971 የሠራውን «ሃሮልድ ኤንድ ሞድ» ላሳይ ብያለሁ። ላላያችሁት ባጭሩ፦ ሃሮልድ ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው የሀብታም ልጅ ነው። ራሱን የገደለ እየመሰለ እናቱን ያስጨንቃል፣ የማያውቀው ሰው ቀብር ላይ ይገኛል። እዚያው ቀብር ላይ ሞድን ያገኛታል። ሰማንያ ሊሞላት ጥቂት ቀን የቀራት፣ የሰው መኪና አስነስታ የምትጠፋ፣ ጨዋታዋ የማያልቅ ሴት ናት። ይዋደዳሉ። በሰማንያኛ ልደቷ ማታ ግን ሞድ በገዛ ፈቃዷ ሕይወቷን ታጠፋለች። መጨረሻውን አወጣኸው (ስፖይለር ነው) እንዳትሉኝ፣ ፊልሙ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚመጡት አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ስለሆኑ ነው የምጠይቀው።

ፋርማሲስቷ፦ ይቅር። ሴትዮዋ አልታመመች፣ አልጋ ላይ አልዋለች። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ኑር፣ ዝፈን፣ ዛፍ ትከል ስትለው ቆይታ በመጨረሻ ሰማንያ ይበቃኛል ብላ ትሄዳለች። የሃያ ዓመት ልጅ ከዚህ ምን ይዞ ይውጣ? ደስተኛ ሰው እንዲህ በሰላም ይሰናበታል የሚል ነገር ጆሮው ውስጥ ቢቀርስ? እኔ ከመድኃኒት ጋር ነው የምውለው፣ ይሄ ቀልድ አያስቀኝም።

ቀይ ወንበር፦ እህቴ፣ ጫፉን ብቻ ይዘሽ አትፍረጂበት። መጀመሪያ ልጁን እይው። እናቱ ክፍሉ ትገባለች፣ «ሞቶ» ታየዋለች፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ስልክ ትደውላለች። ሚስት ልትፈልግለት የኮምፒዩተር ማጫጫ ቅጽ ስታመጣ እንኳን እሱን ጠይቃ መልሱን እሷው ትሞላዋለች! ሃሮልድ የሚነዳውን የሬሳ መኪና አስወስዳ ጃጓር ብትገዛለት፣ ልጁ ብየዳውን ይዞ ጃጓሩን ራሱን የሬሳ መኪና አደረገው። እዚህ ላይ ሁሌ እስቃለሁ።

ግን ለሞድ የሚነግራት ነገር አለ። ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ ፍንዳታ ይነሳል፣ እሱ ሹልክ ብሎ ቤቱ ይመጣል፣ ፖሊሶች ደግሞ ለእናቱ ልጅሽ ሞቷል ብለው ሊያረዷት ይመጣሉ። ተዝለፍልፋ ስትወድቅ ከላይ ሆኖ ያያታል። እናቱ ለሱ ስትደነግጥ ያየው ያኔ ነው፣ መሞት የሚያስወድድ የመሰለውም ከዚያ በኋላ ነው። ይሄን ሲተርክ እንባው ይመጣል። በምን ሒሳብ ነው ይሄ በሞት መቀለድ የሚሆነው?

ጋሽ ፕሮጀክተር፦ ልጆች፣ ይሄ ክርክር አዲስ እንዳይመስላችሁ። ፊልሙ ሲወጣ ገበያው ወደቀ። የፊልም ሐያሲው ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ አንድ ተኩል ነው የሰጠው። ሚኒሶታ ውስጥ ኢዳይና በምትባል ከተማ ግን አንድ ሲኒማ ቤት ከሁለት ዓመት በላይ ሳያወርድ አሳየው፤ የሰፈሩ ሰው በቃን፣ ሌላ ፊልም አምጡ ብሎ ሰልፍ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ይገባል ከሚላቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ ገባ። ስክሪፕቱን ኮሊን ሂጊንስ የጻፈው ገና የፊልም ተማሪ ሳለ ነው። ስለዚህ ለተማሪ አይሆንም ስትሉ ትንሽ ይከብደኛል።

በነገራችን ላይ ሃሮልድ እዚህ ቢወለድ ማንም በሽተኛ አይለውም ነበር። የማያውቀውን ሰው ሁሉ የሚቀብር ልጅ? የእድር ሰብሳቢ ያደርጉት ነበር።

ቀይ ወንበር፦ ጋሼ ገደሉኝ 😂

ከሆላንድ፦ እኔ የምኖርበት አገር ይሄ የፊልም ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሆላንድ ውስጥ ሐኪም ታማሚን በጥያቄው እንዲሞት መርዳት የሚችልበት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አለ፤ ግን ሥቃዩ የማይቻልና መሻሻል የሌለው መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ዴ66 የሚባለው ፓርቲ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያችንን ኖረን ጨርሰናል የሚሉ ሰዎች ባይታመሙም ይፈቀድላቸው የሚል ረቂቅ አቀረበ። ስሟ አልተጠራም እንጂ ሞድ ማለት ናት! ሰው እስካሁን ይከራከርበታል። የሚቃወሙት የሚሉት ነገር ለኔ ይመዝናል፤ ለጤነኛ ሽማግሌ በሩን ስትከፍትለት፣ ብቸኛውና ለልጆቼ ሸክም ሆንኩ ብሎ የሚያስበውም በዚያው በር ይወጣል። ሞድን የሚፈልጋት ሰው ነበራት። እንደሷ ያልታደለውስ?

ቀይ ወንበር፦ ክንዷ ላይ ያለውን ቁጥርስ ረሳችሁት? ሃሮልድ እጇን ሲይዝ ካሜራው ለቅጽበት ያሳየናል፣ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ንቅሳት። ማንም አንድ ቃል አይናገርም፣ ትዕይንቱ ያልፋል። ሌሎች መቼ እንደምትሞት ሊወስኑላት የሞከሩባት ሴት ናት። የራሷን ቀን ራሷ ብትመርጥ እኔ ማነኝና እፈርዳለሁ።

ፋርማሲስቷ፦ እሱን ትዕይንት እኔም እወደዋለሁ። ግን ንቅሳቱን እየጠራህ አታስረታኝ። ከዚያ ሁሉ ተርፋ የወጣች ሴት ለልጁ መትረፍን ማሳየት አይበቃትም ነበር? እሱ እኮ ልደቷን አበባ በአበባ አድርጎ፣ ሊያገባት ቀለበት ይዞ ነው የጠበቃት። ይጮሃል፣ አምቡላንስ ይጠራል፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ያድራል። እሷ በሰላም ሄደች፣ ዕዳው ለሱ ቀረ።

ጋሽ ፕሮጀክተር፦ እሱን ካየሽ ታዲያ ፊልሙ ሞትን አሳመረ እንዴት ትያለሽ ልጄ? የሃሮልድ የውሸት ሞቶች ሁሉ ያስቃሉ፤ እውነተኛው አንዱ ሞት አያስቅም። በመጨረሻ ያ የሬሳ መኪና ያደረገው ጃጓር ገደል ሲገባም ልጁ ከላይ ቆሞ ባንጆ የሚባለውን የክር መሣሪያ እየመታ ነው የሚሄደው። ያን ጊዜ መሞት ቀላል ነበር፣ አልሞተም።

ፋርማሲስቷ፦ ጋሼ፣ ያልኩት ገብቶዎታል፣ ጨዋታ እየቀየሩብኝ ነው። እሺ፣ ይታይ። ግን ሞድ ገና ሲተዋወቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሚቀጥለው ሳምንት ሰማንያ ይሞላኛል፣ ለመሄድ ጥሩ ጊዜ ነው ትለዋለች። በፈገግታ ነው የምትናገረው፣ ልጁም አልሰማም፣ ተመልካቹም አይሰማም። ሰው እንዲህ ሲል እየቀለደ ነው ብለን ነው የምናልፈው። እዚያ ላይ ፊልሙን አቁማችሁ ምን አለች ብላችሁ ልጆቹን ጠይቁልኝ።

ጋሽ ፕሮጀክተር፦ ፊልም መሃል ላይ አይቆምም!

ከሆላንድ፦ ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ መልሳችሁ አሳዩዋቸው። ያኔ ይበልጥ ይሰማል።

ፋርማሲስቷ፦ ካለቀ በኋላማ ሁሉም ይሰማል። እኔ የምፈልገው ሳያልቅ እንዲሰሙ ነው።

አድሚን፦ ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ ይታያል። መቆሙና አለመቆሙ ላይ ድምፅ ስጡ፣ ጋሼ ሁለት ጊዜ እንዳይመርጡ።