ሜሪላንድ ወይስ ቨርጂኒያ? ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ምከሩን

ሰላም ወገኖች። ዲቪ ደርሶን በሐምሌ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ልንሄድ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም (ሜሪላንድ) አሌክሳንድሪያም (ቨርጂኒያ) ዘመድ አለን፤ ሁለቱም «እኛ ጋ ኑ» ይላሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚመደበው በመኖሪያ አድራሻ ስለሆነ ቤት ሳንከራይ መወሰን አለብን።

ያስቸገረችን ትንሿ ናት። መስከረም 5 (በሴፕቴምበር አጋማሽ) አምስት ዓመት ይሞላታል። ሜሪላንድ ኪንደርጋርተን ለመግባት እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት መሙላት አለባት፤ ቨርጂኒያ ግን እስከ ሴፕቴምበር 30 ይፈቅዳል። በሁለት ሳምንት ልዩነት ዓመት ሊቃጠልባት! ሜሪላንድ ውስጥ ዕድሜው ትንሽ የጎደለውን ልጅ አስፈትኖ ያስገባ አለ?

ወንድሟ ስምንተኛን ጨርሷል። እንግሊዝኛው ለክፉ አይሰጥም፣ ሲያወራ ግን ያፍራል። ዘጠነኛ ያስገቡታል ወይስ ወደ ኋላ ይመልሱታል?

ደግሞ የክትባት ካርዳቸው ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። እዚሁ አስቀይረን እንምጣ?