የዌብ ፎቶ ላይ የተጣመሙት ጋላክሲዎች ምንድን ናቸው?

ባለፎቶቤቱ፦
ሰላም ናችሁ? ፎቶ ቤት ነው የምሠራው፤ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በቀደም አንድ ልጅ ሐምሌ 2014 የወጣውን የጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ የመጀመሪያ ጥልቅ ምስል በፍላሽ ይዞ መጣ። «በትልቁ አትምልኝ» አለ። ሳትመው ዓይኔ መሀሉ ላይ ቀረ። ጋላክሲዎቹ እንደ ማስቲካ ተስበዋል፣ እንደ ቀስት ጎብጠዋል። እኔ የማውቀው ሰፊ ሌንስ ዳር ያለውን ነው የሚያጣምመው። የሠርግ ፎቶ ላይ ዳር የቆመች አክስት ወፍራ ትወጣና ጣጣ ይመጣል። እዚህ ግን ዳሩ ደህና ነው፣ የተበላሸው መሀሉ። የሌንስ ችግር ነው ወይስ ነካክተውታል? ቀለሙስ እውነት ነው?

ሰማይ_አያ፦
ዓይን አለህ ወንድሜ! ሌንስ ነው፤ ግን ሌንሱ ያለው ሰማይ ላይ ነው። መሀል የተሰበሰቡት ነጣ ያሉት ጋላክሲዎች ኤስማክስ 0723 ይባላሉ። ብርሃናቸው እኛ ጋ ለመድረስ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ፈጅቷል። ክብደታቸው ከኋላቸው የሚመጣውን ብርሃን ያጎብጠዋል፣ ያጎላዋልም። የተሳቡት ከኋላ ያሉት ናቸው። በሻይ ብርጭቆ ቂጥ ጋዜጣ ለማየት ሞክር። ብርሃኑ በተለያየ መንገድ ስለሚዞር አንዱ ጋላክሲ ሁለት ሦስት ቦታ ሊታይ ይችላል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ካሜራው የሚሰጠው ጥቁርና ነጭ ነው። በስድስት ፊልተር፣ በድምሩ 12.5 ሰዓት ተነሥቷል። ብርሃኑ ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ ስለሆነ አጭሩን ሞገድ ሰማያዊ፣ ረጅሙን ቀይ አድርገውታል። የሞገዶቹ ቅደም ተከተል ግን እውነተኛው ነው።

የሐብል_ልጅ፦
12 ሰዓት ምን አላት? ከዌብ በፊት የነበረው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሐብል በ1988 ከታኅሣሥ 8 እስከ 18 ባዶ የሚመስል የሰማይ ጥግ ላይ ፈጥጦ ከረመ። 342 ፎቶ! የሐብልን ምርምር የሚመራው ተቋም ኃላፊ ሮበርት ዊሊያምስ ለራሱ የተፈቀደለትን የቴሌስኮፕ ሰዓት ነው የሰጠው። «ይቅርብህ» ያሉት ነበሩ። 3,000 ገደማ ጋላክሲ ወጣ። ለእኔ ጀግንነት ያ ነው። ዌብ ሲሄድ እኮ ባዶ እንዳልሆነ ታውቋል።

ባለፎቶቤቱ፦
ፊልተሩ ገባኝ። ፎቶው ላይ እንደ ኮከብ ሥዕል ጨረር ያወጡት ደማቅ ነጥቦችስ?

ሰማይ_አያ፦
እነሱ እዚሁ የኛው ጋላክሲ ኮከቦች ናቸው። ጨረሩ የመጣው ከመስታወቱ ነው፤ 18 ባለ ስድስት ጎን ቁራጭ የተገጣጠመ ስለሆነ። ይኼኛው እንግዲህ የዕቃው ጣጣ ነው 😄

ባለፎቶቤቱ፦
አጉሊ መነጽር ይዤ መንትዮቹን ስፈልግ አመሸሁ። አንዱ ቅስት ላይ ግራና ቀኙ ቁርጥ አንድ ነው፣ በመስታወት የታየ ይመስላል። እኔ ብሠራው ደንበኛ «ኮፒ ፔስት ነው፣ ብሬን መልስ» ይለኝ ነበር። ልጁ ቅዳሜ ይወስደዋል። ለራሴም አንድ አትሜያለሁ።