አሠልጣኝ ከመቀበላችን በፊት ምን እናጣራ?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ የታዳጊዎች እግር ኳስ ቡድን ልናቋቁም ነው። የአሠልጣኞች የወንጀል መዝገብ ፍተሻ ብቻ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። መጀመሪያ ከአሠልጣኙ የጽሑፍ ፈቃድ ተቀበሉ፤ አጣሪ ኩባንያ ያለሱ ሪፖርት መስጠት የለበትም። የወሲብ ወንጀለኞችን ብሔራዊ መዝገብና የሴፍስፖርት ማዕከልን (በአሜሪካ ስፖርት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመረምር ተቋም ነው) የቅጣት ዝርዝር ራሳችሁ እዩ፣ ሁለቱም በነፃ ናቸው። ፍርድ ቤት ሳይደርስ የታገደ አሠልጣኝ የሚገኘው ሁለተኛው ላይ ነው።

መልስ፦ የእኛን ሰው ሲያጣሩ ትልቁ ችግር ስም ነው። «ቴዎድሮስ» በላቲን ፊደል በሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ የአያቱን ስም ያስገባል። በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ከተፈለገ መዝገቡ ያመልጣል። የልደት ቀንና የተጠቀመባቸውን አጻጻፎች በሙሉ አስሞሉት። ለወንጀል መዝገቡ የጣት አሻራ ከተቻለማ ይህ ጣጣ በጣም ይቀንሳል።

መልስ፦ ንጹሕ መዝገብ ማለት በተፈለገበት መዝገብ ላይ ምንም አልተገኘም ማለት ብቻ ነው። የቀድሞ ቡድኖቹ ጋ ደውሉና «መልሳችሁ ልጆች ትሰጡታላችሁ?» በሉ። ቢያቅማሙ፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።