የቪዲዮ ሙያ በጀርመን፦ ከፍዬ ልማር ወይስ አውስቢልዱንግ (ድርጅት ውስጥ እየሠሩ የሚማሩበት የሙያ ስልጠና) ልፈልግ?

ከኦፈንባህ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ዕድሜዬ 27 ነው። ጀርመን ከገባሁ አራት ዓመት አልፎኛል። የመኖሪያ ፈቃዴ ሥራ ይፈቅዳል። አሁን መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። የጀርመንኛ ቋንቋ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ጨርሻለሁ።

አዲስ አበባ እያለሁ ሦስት ዓመት ሰርግ ስቀርጽ ነበር። መጀመሪያ መብራት ያዥ ነበርኩ። በኋላ ካሜራ ሰጡኝ፣ መጨረሻ ላይ ኤዲቲንጉንም እኔው እሠራ ነበር። ሥራውን እወደዋለሁ። እዚህም ሰርግና ክርስትና ሲኖር ሰዎች ይጠሩኛል፤ ግን በዚያ ብቻ ቤት አይተዳደርም። ሙያውን በወረቀት አስደግፌ መሥራት እፈልጋለሁ።

አንድ የግል ትምህርት ቤት አግኝቻለሁ። ሁለት ዓመት ነው፣ በወር 650 ዩሮ። ስቱዲዮው ልብ ይማርካል። የመግቢያ ፈተና የለውም። ቋንቋም ብዙ አልጠየቁኝም። «ነገ መጥተህ መፈረም ትችላለህ» አሉኝ። ባለቤቴ ግን መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ አለችኝ። የ12ኛ ክፍል ውጤቴ እጄ ላይ አለ፣ አልተተረጎመም። ምን ትሉኛላችሁ?

ከኮሎኝ፦

ወንድሜ፣ ባለቤትህ ልክ ናት። እባክህ ነገ አትፈርም።

ይህን የምልህ ራሴ ስላለፍኩበት ነው። እኔም የግል ተቋም ገብቼ አሥራ አራት ወር ከፍያለሁ። ካሜራው አዲስ ነበር፣ አስተማሪዎቹም ጥሩ ሰዎች ነበሩ። ሥራ ፍለጋ ስወጣ ግን በየቦታው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «አብሽሉስሽ (የጨረስሽው ትምህርት ማስረጃ) ምንድን ነው?» የያዝኩት ወረቀት ተቋሙ ራሱ የሚሰጠው ነበር። ኢሃካ፣ የሙያ ፈተና የሚሰጠው የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት፣ አያውቀውም። ላቋርጥ ስል ደግሞ ውሉ ላይ ያላየሁት የማቋረጫ ጊዜ ነበር፤ ሳልማር ለወራት ከፈልኩ። ይህን ሳስታውስ አሁንም ያመኛል። ከዚያ በ29 ዓመቴ አውስቢልዱንግ ጀመርኩ። ጨርሼ ዛሬ እዚሁ ኮሎኝ ውስጥ ኤዲተር ነኝ።

የምትፈልገው ሙያ እዚህ አገር መደበኛ ስም አለው፦ ሜዲየንገሽታልተር ቢልድ ኡንድ ቶን። የምስልና የድምፅ ባለሙያ ማለት ነው። ሦስት ዓመት ይፈጃል። ድርጅት ውስጥ እየሠራህ ቤሩፍስሹለ (የሙያ ትምህርት ቤት) ትማራለህ፣ መጨረሻ ላይ ኢሃካ ይፈትንሃል። የስልጠናው ደንብ በ2020 ታድሷል። ከዚያ በፊት ኤዲቲንግ ለብቻው አንድ ሙያ ነበር፤ አሁን ወደዚሁ ተጠቃሏል። ስለዚህ ኤዲተር መሆን ብትፈልግም መንገዱ ይኸው ነው። ስሙን በደንብ አስተውል። «ዲጂታል ኡንድ ፕሪንት» የሚል ሌላ ሜዲየንገሽታልተር አለ፤ እሱ የኅትመትና የድረ ገጽ ዲዛይን ነው። በስም ተሳስቶ ሲያመለክት የኖረ ልጅ አውቃለሁ።

አሁን ገንዘቡን እናስላ። የግል ትምህርት ቤቱ 650 ዩሮ በ24 ወር ሲባዛ 15,600 ዩሮ ከኪስህ ይወጣል። አውስቢልዱንግ ከሆነ ግን ከፋዩ ድርጅቱ ነው። በ2025 ለጀመረ ሰው በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ በመጀመሪያው ዓመት በወር 682 ዩሮ ነው። በሁለተኛው 805፣ በሦስተኛው 921 ይሆናል። በሦስት ዓመት ሲደመር ግብር ሳይነካው 28,896 ዩሮ ነው። የሕዝብ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከዚህ የተሻለ ይከፍላሉ።

ይህ ከመጋዘን ደሞዝህ ያንሳል፣ አልዋሽህም። ከባለቤትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ የቤት ኪራዩን አስሉ። አርባይትስአገንቱር (የመንግሥት የሥራ ቢሮ) ሄደህ ደግሞ ስለ ቤሩፍስአውስቢልዱንግስባይሂልፈ ጠይቅ። ከወላጅ ቤት ውጭ ለሚኖር ሰልጣኝ የሚሰጥ ድጎማ ነው። ሳትጠይቅ አይመጣልህም፣ ካመለከትክበት ወር ወደ ኋላም አይከፈልም። ብዙ ሐበሻ ይህን ሳያውቅ ያልፈዋል።

መግባቱ ግን ቀላል አይደለም። ቦታው ጥቂት ነው፣ አመልካቹ ብዙ። ኮሎኝ ያለው ቬዴኤር፣ ፍራንክፈርት ያለው ሄሲሸር ሩንድፉንክ፣ ማይንስ ያለው ሴትዴኤፍ የሚባሉት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በዚህ ሙያ ያሰለጥናሉ። ለአንተ ኋለኞቹ ሁለቱ ቅርብ ናቸው። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ስልጠናው ሊጀመር አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው ሰው መምረጥ የሚጀምሩት። በመስከረም ለመግባት ሰኔ ላይ ብትልክ እነሱ ዘንድ ቀኑ አልፏል። ትናንሽ ፕሮዳክሽን ቤቶች ግን እስከ ሐምሌና ነሐሴ ድረስ ይቀበላሉ።

ደግሞ ሁሉም ሰው ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ነው የሚረባረበው። የዩኒቨርሲቲ የሚዲያ ማዕከሎችም ያሰለጥናሉ። የራሳቸው ቪዲዮ ክፍል ያላቸው ትልልቅ ኩባንያዎችም አሉ። እዚያ ተወዳዳሪው ያንሳል። የኢሃካን ሌርሽቴለንበርዘ (የስልጠና ቦታዎች የሚወጡበት ገጽ) እና የአርባይትስአገንቱርን ድረ ገጽ በየሳምንቱ እያቸው።

ለአንድ ቀን ሙከራ ሲጠሩህ አንተም ጠይቅ። የሚያሰለጥነኝ ማን ነው? ድምፅ ላይ ምን ያህል እሠራለሁ? ከሁሉም በላይ ያለፈው ሰልጣኝ አሁን የት እንዳለ ጠይቅ። ሰልጣኝን ኬብል ተሸካሚና ሹፌር አድርጎ ሦስት ዓመት የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። እውነተኛ ቦታ የሆነ እንደሆነ የቀድሞ ሰልጣኙን ጠርቶ ያገናኝሃል። እኔ የመረጥኩት ድርጅት እንዲያ ነው ያደረገው።

ቋንቋ ላይ ቢ1 አይበቃህም። ቤሩፍስሹለ የሚያስተምረው ካሜራ አያያዝ ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ ደህንነት አለ፣ የብርሃንና የዴሲቤል ስሌት አለ፣ የቅጂና የምስል መብት ሕግ አለ። ፈተናውም በጀርመንኛ ነው። ቢ2 ድረስ ግፋ። ከገባህ በኋላ የሚያስጠና ሰው በነፃ የሚመድብ ድጋፍ አለ፣ አሲስቲርተ አውስቢልዱንግ ይባላል። እኔ በሳምንት አንድ ቀን እሄድ ነበር፤ ያ ሰውዬ ባይኖር የመጀመሪያውን ዓመት አላልፍም ነበር።

የ12ኛ ክፍል ውጤትህን ዛሬውኑ ለመሐላ ተርጓሚ ስጥ። ከዚያ የምትኖርበት ክፍለ ሀገር የትምህርት መሥሪያ ቤት ከየትኛው የጀርመን ደረጃ ጋር እኩል እንደሆነ ይወስናል። በሕግ ደረጃ ለአውስቢልዱንግ የግድ የሚባል ሰርተፊኬት የለም። ድርጅቶቹ ግን ይጠይቃሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም አቢቱር (ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ የትምህርት ማስረጃ) ያለውን ያስቀድማሉ። ወረቀቱ ወራት ስለሚፈጅ ነው አትዘግይ የምልህ። የዕድሜ ገደብ የለም፣ በእሱ አትጨነቅ። መንጃ ፈቃድ ከሌለህ ግን አስብበት፤ ቀረጻ ወጣ ያለ ቦታ ሲሆን መንዳት ይጠበቅብሃል።

ቀጥታ ቦታ ካጣህ ሁለት በር አለ። አንዱ እስከ ሦስት ወር የሚሆን ፕራክቲኩም፣ የሥራ ልምምድ ነው። ሁለተኛው አይንሽቲግስኳሊፊሲሩንግ ይባላል። ከ4 እስከ 12 ወር ድርጅቱ ውስጥ ትሠራለህ፣ መንግሥት ለድርጅቱ ይደጉመዋል። አብሮኝ የተማረ አንድ ኤርትራዊ የገባው እንዲህ ነው። ስምንት ወር አዩት፣ ከዚያ መልቀቅ አልፈለጉም።

ከኦፈንባህ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴም አብራ አነበበችው። አልፈርምም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። የአዲስ አበባው ሦስት ዓመት ምንም አይቆጠርልኝም? ሌላው፣ ለማሳያ የምልከው ቪዲዮ ሰርግ ብቻ ነው ያለኝ። ችግር አለው?

ከኑረምበርግ፦

የመጀመሪያውን ልመልስልህ ልጄ። እኔ 46 ዓመቴ ነው። አውስቢልዱንግ አልሠራሁም፣ የኢሃካ ወረቀት ግን አለኝ። ኤክስተርነንፕሩፉንግ የሚባል መንገድ አለ። የስልጠናውን ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ በሙያው የሠራ ሰው ቀጥታ ለመጨረሻው ፈተና መቅረብ ይችላል። ለሦስት ዓመት ሙያ አራት ዓመት ተኩል ማለት ነው። ውጭ አገር የተሠራም ግምት ውስጥ እንዲገባ ሕጉ ራሱ ይላል። ግን ማስረጃ ይፈልጋሉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ውል፣ የግብር ወረቀት፣ ያለህን ሁሉ። እኔ መድረክና ድምፅ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት ስለሠራሁ ቀለለኝ።

አንተ ሦስት ዓመት ብቻ ስላለህ ለጊዜው አይሞላልህም። ቢሆንም አዲስ አበባ ያሠራህን ሰው ደብዳቤ አስጽፍ። አውስቢልዱንግ ስትገባ ከድርጅቱ ጋር ሆናችሁ ጊዜው እንዲያጥር ኢሃካን መጠየቅ ትችላላችሁ። ያኔ ደብዳቤው ይጠቅምሃል።

ሌላም ልጨምር። የእኔ ሙያ ፈራንሽታልቱንግስቴክኒክ ነው። የመድረክ ብርሃን፣ ድምፅ፣ ትልልቅ ስክሪን፣ የቀጥታ ስርጭት ካሜራም አለበት። ይህም ሦስት ዓመት ነው። እኔ ባየሁት ቦታው ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ይገኛል። መብራት ይዤ ነው የጀመርኩት ስላልክ ልብህ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። ቅዳሜና እሁድ፣ ዓመት በዓልም ሳይቀር ሥራ መኖሩን ግን ለባለቤትህ አሁኑኑ ንገራት። እኔ ስንት ፋሲካ ከቤቴ ውጭ አሳልፌያለሁ።

ከኮሎኝ፦

ጋሼ በጣም እናመሰግናለን፣ ኤክስተርነንፕሩፉንግን ረስቼው ነበር።

ወንድሜ፣ ወደ ቪዲዮው ልምጣ። ሰርግ ቀርጾ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነገር ያውቃል። ሙሽራ «እንደገና ግቢ» አይባልም። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ሰው እየተጋፋህ መቅረጽ ትልቅ ትምህርት ነው። ይህን በማመልከቻ ደብዳቤህ ላይ ጻፈው፣ አትፈርበት።

ለማሳያ ግን ሰርጉን ብቻ አትላክ። ድርጅታችን ውስጥ የአመልካቾችን ሥራ ከሚያዩት አንዷ ነኝ። ዘፈን ከሥሩ ተደርጎበት፣ ሁሉ ነገር ስሎው ሞሽን ሆኖ፣ ድሮን ከላይ ሲያንዣብብ እናያለን። ልጁ ታሪክ መናገር ይችል አይችል ከዚህ አይታወቅም። ድምፅ መያዙም አይታወቅም፣ ዘፈኑ ሸፍኖታል። የሙያው ስም ቢልድ ኡንድ ቶን ነው፤ ግማሹ ድምፅ ነው።

የሁለት ደቂቃ ነገር ሥራ። አንድ ሰው አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲሠራ አሳይ። እጁን ቀረብ ብለህ፣ ፊቱን፣ ክፍሉን ራቅ ብለህ ቅረጽ። አጠር ያለ ንግግር ይኑረው፣ ከሥሩ የጀርመንኛ ጽሑፍ አድርግበት። ሙዚቃ ባይኖረው እመርጣለሁ። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተሩን 1/50 አድርገህ ቅረጽ። የጀርመን መብራት 50 ኸርዝ ነው። በ30 ፍሬምና በ1/60 የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ አንዳንድ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ባለሙያ ወዲያው ያየዋል።

ሰርጉንም መጨመር ከፈለግክ ሠላሳ ሰከንድ ይበቃል፤ ሙሽሮቹን ግን አስፈቅድ። እዚህ አገር ሰው በምስሉ ላይ መብት አለው። ዘፈን ከዩቲዩብ አውርደህ አትጠቀም። ይህን የማያውቅ አመልካች ሥራ ላይም ድርጅቱን ችግር ውስጥ ይከታል ብለው ይፈራሉ።

ካሜራና ማይክ አትግዛ። አንተው ያለህበት ኦፈንባህ ኦፈነር ካናል የሚባል አለ። የሕዝብ ጣቢያ ነው። ኮርስ ይሰጣሉ፣ ለጣቢያው ፕሮግራም ለሚሠራ ሰውም መሣሪያ ያውሳሉ። ሃምቡርግ ላላችሁ ታይድ እንዲሁ ነው። እዚያ የሠራኸው ነገር ሲተላለፍ የሕይወት ታሪክህ ላይ ይጻፋል። ጀርመንኛህም ክፍል ውስጥ ከምትማረው ይልቅ እዚያ ይፈታል።

ከኦፈንባህ፦

ሰነዱን ዛሬ ለተርጓሚ ሰጠሁ። ኦፈነር ካናልም ደወልኩ፣ ማክሰኞ ና ብለውኛል። ለሁለት ደቂቃዋ ቪዲዮ ባለቤቴ እንጀራ ስትጋግር ልቀርጻት ተስማማች። ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲፈስ ያለው ድምፅ፣ አክንባሎው ሲነሳ፣ እሱ እንዲሰማ እፈልጋለሁ። ትናንት በስልክ ሞከርኩት፣ የሚሰማው እምምም የሚል ነገር ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

ከኮሎኝ፦

እሱ ፍሪጁ ነው። ሁሌም ፍሪጁ ነው። ንቀለው። መስኮቱን ዝጋ። ማይኩን ካሜራው ላይ አትተወው፣ እንፋሎቱ በማይደርስበት በኩል ወደ ምጣዱ አቅርበው። ምጣዱ ራሱ እምም የሚል ከሆነ በደንብ ካሞቀ በኋላ አጥፍተህ አንዷን እንጀራ ለድምፅ ብቻ አስጋግራትና ኤዲቲንግ ላይ ከምስሉ ጋር አገናኘው።

የመኪና ወይም የቤት ቁልፍህን ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጥ። የድምፅ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ነው የምናደርገው። ስትወጣ ቁልፉን ስትፈልግ ፍሪጁን መልሰህ መሰካቱን ታስታውሳለህ።