ለተሳቢ ቡና ቤት ሰርጅ ፕሮቴክተር፦ ከአሜሪካ ይምጣልኝ ወይስ ከመርካቶ ልግዛ?

ባለተሳቢው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ ገባ ብሎ አንድ ግቢ በር ላይ ትንሽ ቡና ቤት አለችኝ። ቤት አልኩ እንጂ ተሳቢ ናት። ቅዳሜና እሁድ ከመኪና ኋላ አስሬ ወደ ሰንዳፋ መንገድ ይዣት እወጣለሁ። ውስጧ ባለ 3000 ዋት የቡና ማሽን፣ መፍጫ፣ ትንሽ ፍሪጅና ጥቂት አምፖሎች አሉ። መብራት የምወስደው ከአከራዬ በረንዳ ሶኬት ነው፣ ጥቅልል ኤክስቴንሽን ስቤ።

ችግሬ የሰፈራችን መብራት ነው። ሲሄድ ዝም ብሎ አይሄድም። ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል፣ ከዚያ ነው የሚለይለት። ማታ ማታ ደግሞ ይደክማል፤ ማሽኑ እስኪሞቅ ደንበኛ ተነስቶ ይሄዳል። ባለፈው ጭራሽ የኔ አምፖሎች ቦግ ብለው ሲበሩ፣ በዚያው ቅጽበት ማዶ ያለው ጎረቤት ቤት ጭል ጭል ሲል አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ከፍሪጁ ጀርባ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ቦርዱ ሄደ ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ ኮሎራዶ ነው የሚኖረው። እሱም ለሽርሽር የሚጎትታት ተሳቢ ቤት አለችው። «ለተሳቢ ተብሎ የተሠራ ሰርጅ ፕሮቴክተር አለ፣ እኔም እሱን ነው የምጠቀመው፣ ስመጣ ላምጣልህ?» አለኝ። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ግን ዕቃው ጠንካራ ነው ይላል። ላስመጣ ወይስ መርካቶ ያለው ይበቃኛል? ካርቶኑ ላይ ጁል የሚለው ቁጥርስ ስንት ቢሆን ነው ጥሩ የሚባለው?

ሽቦና ካቻቢቴ፦

ወንድሜ፣ በፍጹም እንዳያመጣ። የእነሱ ተሳቢ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፣ የኛ 220 ነው። ደህናው ዓይነት 220 ሲያይ «ይሄ አደጋ ነው» ብሎ አላሳልፍም ይላል፣ ወይ ራሱም ይበላሻል። ርካሹ ደግሞ እዚያው ይቃጠላል። የሶኬቱ እግርም አይገጥምም። ባለ ብዙ ሺህ ብር ጌጥ ይሆንብሃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰርጅ ፕሮቴክተር የሚባለው ዕቃ ሥራው አንድ ነው። መብረቅ ቅርብ ቦታ ሲወድቅ ወይም መስመር ሲበራና ሲጠፋ የሚፈጠረውን፣ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ እጅ ጥቂቱን ብቻ የሚቆይ ድንገተኛ ጉልበት ይውጣል። ውስጡ ያለችው ቁራጭ በዋጠች ቁጥር ትደክማለች። ጁል የሚለው ቁጥር እሷ ምን ያህል ትችላለች ነው። ለአንተ ችግር ግን ቁጥሩ 1000 ሆነ 4000 ለውጥ የለውም። ምክንያቱም የፍሪጅህን ቦርድ የበላው እሱ አይደለም።

አንተ ራስህ ጽፈኸዋል እኮ። ያንተ ቦግ ሲል የማዶው ጭል ጭል አለ። ይሄ ኒውትራል፣ ማለትም የመብራቱ መመለሻ ሽቦ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ምሰሶው ላይ ወይም ትራንስፎርመሩ ጋ የጋራው ኒውትራል ላልቷል ወይ ተበጥሷል። ያን ጊዜ በሁለት ፌዝ፣ ማለትም መብራት በሚያመጡት ሁለት ሽቦዎች መካከል ያለው 380 ቮልት በአንተና በጎረቤትህ ቤት መካከል ይከፋፈላል። ብዙ ዕቃ ያበራው ትንሽ ይደርሰዋል፣ ጥቂት ያበራው ብዙ። አንተ ማሽኑን አጥፍተህ ከነበረ ከ300 በላይ ሊደርስህ ይችላል። እሱም ለቅጽበት አይደለም፣ ደቂቃዎች ይቆያል። ተራ ሰርጅ ፕሮቴክተር እንዲህ ያለው ላይ እየጋለ ሄዶ ራሱ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ስለዚህ የሚያስፈልግህ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ነው። ዲጂታሉ፣ ቁጥር የሚያሳየው፣ ሳጥን ውስጥ ከብሬከር ጎን የሚገባው። ከታች 160፣ ከላይ 250 ቮልት ብለህ ትሞላዋለህ። ከዚያ ሲወጣ ይቆርጣል። መብራት ሲመለስም ወዲያው አይለቅም፣ የሞላህለትን ጊዜ ይጠብቃል። 3 ደቂቃ አድርገው። ያ የሰፈራችሁ «መጣሁ፣ ሄድኩ» ሁሉ እዚያ ላይ ያልቃል። ብሩ ከተረፈህ ሰርጅ ፕሮቴክተሩን ጨምርበት። መጀመሪያ ግን ይሄ።

የኒውትራሉን ነገር ደግሞ ለመብራት አገልግሎት አስመዝግብ። የሰፈር ልጅ ምሰሶ ላይ እንዳታስወጣ፣ በናትህ።

የሱሉልታዋ ባሬስታ፦

እኔም ተሳቢ ነው የምሠራው። እዚህ ክረምት ሲገባ መብረቁ አያስቀምጥም፣ ስለዚህ ሰርጅ ፕሮቴክተሩን አትናቀው። ግን ከሁሉም የሚበልጠው ነጎድጓድ ሲጀምር ሶኬቱን መንቀል ነው። ብር አያስወጣም።

ሦስቱ ደቂቃ የተባለው እውነት ነው። ፍሪጅ ጠፍቶ ወዲያው ሲበራ ኮምፕሬሰሩ ውስጥ የታመቀው ጋዝ ገና አልረገበም፣ ስለዚህ ሞተሩ መዞር ያቅተውና ያቃስታል። ጆሮህን ብታስጠጋ ትሰማዋለህ፤ ህምምም ይልና ቀጭ ብሎ ይጠፋል። ያ ድምፅ ሲደጋገም ፍሪጁን ተሰናበተው።

እኔ የተገላገልኩት ግን ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልት በሚያስተካክለው ስታብላይዘር ነው። ሁሉንም ዕቃ በሱ አሳልፌ ማታም ሰላም ነኝ። ለምን አትመክረውም ሽቦና ካቻቢቴ?

ሽቦና ካቻቢቴ፦

እህቴ፣ ስታብላይዘር ጥሩ ነው፣ ለሁሉም ግን አይደለም። ባለ 3000 ዋቱን ማሽን በሱ ላሳልፍ ካለ ቢያንስ 5 ኬቪኤ አቅም ያለው ሊገዛ ነው። ክብደቱ ብቻ ተሳቢዋን ያጎብጣታል። ደግሞ የቡና ማሽኑ ትልቁ ሥራ ውሃ ማሞቅ ነው። ቮልት ቢወርድ ይዘገያል እንጂ ማሞቂያው አይቃጠልም። በ165 ቮልት 3000 ዋቱ ወደ 1700 ይወርዳል፣ ደንበኛው ተነስቶ የሚሄደው ለዚህ ነው። በቮልት ማነስ የሚሞተው ፍሪጁ ነው። ሞተር ቮልት ሲያንሰው ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይግላል። ስለዚህ ለፍሪጁ ብቻ 1 ኬቪኤ ትንሽ ስታብላይዘር ይበቃዋል።

ሌላም ነገር አለ። ርካሾቹ ስታብላይዘሮች ሪሌ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ነው የሚያስተካክሉት። ከ160 ላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ሳለ መስመሩ ድንገት ወደ 220 ቢዘል፣ እስኪነቃ ድረስ የሚያወጣው ከ220 በላይ ነው። ኒውትራል ሲበጠስማ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። ስለዚህ ቮልቴጅ ፕሮቴክተሩ ከፊት፣ ስታብላይዘሩ ከኋላ።

ባለተሳቢው፣ ቴስተር ካለህ ለካና ቁጥሩን ጻፍልን። ማሽኑ ጠፍቶም በርቶም፣ ቀንም ማታም። ኧርዝ፣ ያ ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ ሽቦ፣ አለህ ወይ? ኤክስቴንሽኑስ ስንት ሜትር ነው፣ ውፍረቱስ?

ባለተሳቢው፦

ቴስተር ከጎረቤት ተውሼ ለካሁ። ቀን ላይ ማሽኑ ሲጠፋ 214፣ ሲበራ 198። ማታ ማሽኑ በርቶ 165 አካባቢ፣ አከራዬ ሶኬት ላይ ግን በዚያው ሰዓት 178 ይላል። ኤክስቴንሽኑ 40 ሜትር ነው፣ ላዩ ላይ 1.5 ይላል። ግማሹ ጥቅልሉ ላይ እንደተጠመጠመ ነው፣ ማታ ስነካው ሞቅ ይላል።

ኧርዝ የሚባል ነገር አላየሁም። ዝናብ ሲሆን የተሳቢዋን በር እጀታ ስይዝ ይነዝረኛል፣ ትንሽ ነው፣ ለምጄዋለሁ።

ሽቦና ካቻቢቴ፦

«ለምጄዋለሁ» አትበል አቦ! ሰርጁን እርሳውና ዛሬውኑ ይሄን ፍታ። ደንበኛህ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ያንን ቆርቆሮ ተደግፎ ነው ቡና የሚጠጣው።

ተሳቢ ጎማ ላይ ነው የቆመው፣ ከመሬት ጋር አይገናኝም። ውስጥ አንድ ሽቦ ልጣጩ ተፍቆ ቆርቆሮውን ከነካ መላ ገላዋ መብራት ይይዛል፣ ብሬከርም አይወርድም። የምታደርገው ይሄ ነው። ባለ 1.5 ሜትር የኧርዝ ዘንግ እርጥበት ያለበት ቦታ ትቀብራለህ። ከዚያ ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ቢጫ አረንጓዴ ሽቦ አምጥተህ ከተሳቢዋ ሻንሲ ጋር በቡሎን ታስራለህ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ብረቱ እስኪያበራ። ኒውትራሉን ግን ከሻንሲው ጋር እንዳታገናኘው፣ ኒውትራሉ ምሰሶ ላይ ሲበጠስ ገላዋ በሙሉ ይነዝራል። ዘንጉ ብቻውን ደግሞ አያድንህም፣ የኛ አፈር ብሬከር የሚጥል ያህል አምፔር አያሳልፍም። ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ፣ መብራት ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጠው፣ የግድ ነው። ቲ የምትል ቁልፍ አለችው፣ በየወሩ ተጫናት፣ አርሲዲው ወርዶ መብራቱን መቁረጥ አለበት። ዕቃው ሁሉ ገብቶ አርሲዲው አልቆም ካለ ጥፋቱን እየነገረህ ነው፣ አንድ በአንድ እየነቀልክ የሚነዝረውን ታገኘዋለህ። የማሽኑ ማሞቂያ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ወደ ገመድህ ስመጣ፣ በባለ 1.5 ገመድ 40 ሜትር ላይ 13 አምፔር ከምናምን ስትጎትት ወደ 13 ቮልት እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል። ማታ አከራይህ ጋ 178፣ አንተ ጋ 165 ያልከው በአብዛኛው እሱ ነው። እያሞቀ ያለው ገመዱን ነው እንጂ ቡናህን አይደለም። ባለ 4 ብታደርገው ኪሳራው ወደ 5 ቮልት ይወርዳል። እስከዚያው ጥቅልሉን ሙሉ በሙሉ ፍታው፣ ተጠምጥሞ እንደ ምድጃ ነው የሚሆነው። ተሳቢዋ ላይ ደግሞ ያቺን ሰማያዊ፣ ባለ ሦስት እግር፣ 16 አምፔር የኢንዱስትሪ መሰኪያ ግጠም። ዝናብ ትችላለች፣ ኧርዟም አብሯት ነው።

የሱሉልታዋ ባሬስታ፦

እኔም ስታብላይዘሩን አወርደዋለሁ ማለት ነው እንግዲህ 😅 አንድ ልጨምር። ብዙ ብሬከርና ፕሮቴክተር ካታሎጉ ላይ እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ይላል። ለገጣፎም ሱሉልታም ከዚያ በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃው ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ፕሮቴክተሩን ልክክ ያለውን ሳይሆን ከፍ ያለውን ግዛ። ለ16 አምፔር መስመር ባለ 40 ወይም ባለ 63 አምፔር ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ውሰድ።

ከኮሎራዶ ሳልርቅ፦

እኔ ዩታ ነኝ፣ ተሳቢ እጎትታለሁ። የአክስትህ ልጅ የተናገረው ለእሱ እውነት ነው። እዚህ የካምፕ ቦታ ሳጥኖች አብዛኞቹ ያረጁ ናቸው፣ ባለ 30 አምፔሩ መስመር 120 ቮልት ነው። ባለ 50ው ሁለት ፌዝ ነው፣ በመካከላቸው 240። እዚያም ኒውትራሉ ሲለቅ 120 የሚፈልግ ዕቃ ላይ እስከ 240 ይመጣል፣ ልክ ያንተን ፍሪጅ የበላው ዓይነት። ለዚህ ነው ተሳቢ ያለን ሰዎች ርካሹን ሰርጅ ፕሮቴክተር ትተን ሙሉውን የምንገዛው። እሱ መጀመሪያ ኧርዙንና ፌዙን ይፈትሻል፣ ከ104 በታችና ከ132 በላይ ይቆርጣል፣ ከዚያ እስኪረጋጋ ይጠብቃል። ሽቦና ካቻቢቴ በ160 እና በ250 ሙላው ያለህ የዚያው ታናሽ ወንድም ነው፣ በናንተ ቮልት።

እና ለልጁ «አታምጣ» ከማለት ደህና መልቲሜትር ያምጣልህ። እሱ 120 ሆነ 220 አይመርጥም።

ባለተሳቢው፦

ሁላችሁም ይመቻችሁ። ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩለት፣ መልቲሜትር አምጣ ብዬ። ነገ ዘንግ፣ አርሲዲና ባለ 4 ገመድ ፍለጋ መርካቶ እወርዳለሁ። እስኪያልቅ ማሽኑን ነቅዬ በጀበና ነው የምሠራው፣ ደንበኛም አላማረረም። ሰርጅ ፕሮቴክተሩን ወር ሲደርስ እገዛለሁ። እሱን ስገዛ ምን የሚል ልፈልግ?

ሽቦና ካቻቢቴ፦

ሳጥን ውስጥ የሚገባውን፣ ታይፕ 2 የሚለውን። መስኮት አላት፣ አረንጓዴ ከሆነች ደህና፣ ቀይ ከሆነች ቀይራት። ቮልቱ 275 የሚል አለ፣ 385 የሚልም አለ። 275ቱ የበለጠ ይጠብቃል፣ ግን ኒውትራሉ በሚለቅ ሰፈር ቶሎ ይቃጠላል። ምሰሶው እስኪሠራ 385ቱን ግዛ። ከመስመሩ ወደ እሷ፣ ከእሷም ሳጥኑ ውስጥ ወዳለው የኧርዝ ማሰሪያ የሚሄዱትን ሽቦዎች ተደምረው ከግማሽ ሜትር አታስረዝም፣ ከረዘሙ ዕቃው የለም በለው። መልቲሜትሩ ላይ ደግሞ ካት 3፣ 600 ቮልት የሚል ጽሑፍ ይፈልግ በለው።