የትኛው ዐረፍተ ነገር ለክርክሩ አግባብነት አለው? እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የምማር የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ከአንድ የሎጂክ የቤት ሥራ ጋር ሦስት ሌሊት ታግዬ ተሸንፌአለሁ። ክርክሩ «የወንጀል ተጎጂዎችን መንግሥት ሊክሳቸው ይገባል፤ የመጠበቅ ግዴታ ነበረበትና» ይላል። ከሥሩ የተዘረዘሩትን ዐረፍተ ነገሮች አግባብነት ያላቸውና የሌላቸው ብዬ መለየት አለብኝ።

«ብዙ ጥፋተኞች የሚክሱበት ገንዘብ የላቸውም» የሚለው አላስቸገረኝም፤ አግባብነት አለው። «የተጎጂ እናት ለቅሶ አንጀት ይበላል» የሚለውን ግን፣ እያዘንኩም ቢሆን፣ ጥዬዋለሁ።

የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው፦ «የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዝዛል።» ይህ ስለ ጥፋተኛው እንጂ ስለ መንግሥት አይናገርም። ግን «ከፋዩ ሌላ ነው» ብሎ ክርክሩን የሚያዳክም ከሆነስ? የሚያዳክም ሐሳብም አግባብነት አለው ይባላል ወይስ የሚደግፈው ብቻ? ሌላው አንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለውን ካሳ በ1000 ብር መገደቡ ነው (ዛሬ እዚህ ገበያ በግ እንኳን አይገዛም)። ይህ ስለ መጠን ነው፤ ማን ይክፈል ለሚለው ምን ይፈይዳል?

ቢቸና ያሉት አያቴ በሽምግልና የደም ካሳ ሲያስወስኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ብጠይቃቸው «ገዳዩ ብቻ መቼ ይከፍላል፤ ዘመዱም ያዋጣል እንጂ» አሉኝ። ይባስ ግራ ገባኝ።

ሰኞ አስረክባለሁ። መልሱን ሳይሆን መለያውን ብትነግሩኝ ይበቃኛል።